ከጫቱ በፊት ጨብሲውን ጠይቁ

ቤተሰብ «ልጃችን ይቅማል» ብሎ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ዙርባው ነው። መቅደም ያለበት ግን ማታ ምን ይጠጣል የሚለው ነው።

ጫቱን ጫት ያደረገው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ሦስት ቀን ኃይሉ ስለሚወርድ በኮባ ተጠቅልሎ በሩጫ ገበያ ይገባል። ምርቃናው እንቅልፍና ረሃብን ይከለክላል፤ እሱን ለመስበር አረቄ ወይም ድራፍት ይከተላል፤ ጨብሲ የሚባለው ይኼ ነው። ጫቱ ሲቆም ድብርት፣ ንጭንጭና ዱካክ የሚባለው የእንቅልፍ ቅዠት ይመጣል። ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አያሰጋም፤ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ብቻውን አይተው።

አልኮሉ ሌላ ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ልጅ በድንገት ቢያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ እንደሚጥል በሽታም ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይኼ ይገድላል። ክፍል ውስጥ መቆለፍ እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ነው። ጸበሉንም ማንም አይከለክል፤ የሚንቀጠቀጥን ልጅ በባዶ ሆድ ይዞ መሄድ ግን አይሆንም። ሐኪም ቤት ስትደርሱ በየቀኑ እንደሚጠጣና ምግብ እንደማይበላ ሳትደብቁ ተናገሩ። በረሃብ የከረመ ጠጪ ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ሳያገኝ ግሉኮስ ብቻ ቢሰጠው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። መንቀጥቀጡን የሚያስታግሰው መድኃኒት ዲያዜፓምም ሐኪሙ እያየ የሚቀንሰው እንጂ ከጎረቤት የሚለመን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። ልጁ የሚመለሰው አባቱ ወደሚቅምበት፣ እናቱ አረቄ ወደምታወጣበት አንድ ክፍል ነው። እናትን መውቀስ ማንንም አያድንም፤ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው ከዚያው ነው። ከተቻለ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አክስቱ ወይም አያቱ ጋ ይደር። በርጫ ቤቱም መቃሚያ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አጥ ወጣት የቀን ሥራ የሚሰማው፣ ብድር የሚያገኘው እዚያ ነው። «ከጓደኞችህ ራቅ» ስትሉት ይኼንንም እየነጠቃችሁት ነውና ምትኩን አስቡ። ሐራራው የሚበረታው ከምሳ በኋላ፣ በለመደው የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ሥራም ከተገኘ ከሰዓት ይሁን። ድንጋይ ተሸካሚው ረሃቡን ለመርሳት ነበር የሚቅመው፤ ስለዚህ ምሳው የሕክምናው አካል ነው። ማታ በእጁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብም ወደ ድሮው ቤት ይጎትተዋል፤ እሱ ራሱ ከተስማማ የቀኑን ዕቁብ ሰብሳቢው ከሥራ ቦታው ይውሰድለት።