የቢሮ ኮምፒውተርን ከሩቅ መክፈት፦ ነፃው የት ድረስ ያደርሳል?

ቢሮው ስድስት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሒሳቡ የሚሠራው በፒችትሪ ነው። የሒሳብ ሠራተኞቹ ማታና ቅዳሜ ከቤት ሆነው መግባት ነበረባቸው። የፒችትሪን ፋይል በቪፒኤን (የቤቱን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በሚያገናኝ የተመሰጠረ መስመር) ከቤት መክፈትን ገና ከጅምሩ ትቼዋለሁ፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን ስክሪኑ ብቻ ነው ቤት የሚመጣው፤ ፋይሉ ከቢሮ አይወጣም።

ከዋጋው በፊት ያነበብኩት የአጠቃቀም ውሉን ነው። ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚከፍቱት ፕሮግራሞች ቲምቪወርም ሆነ ኤኒዴስክ ነፃ የሚሆኑት ለግል አገልግሎት ብቻ ነው። የግሉን እትም ለድርጅት ሥራ ያዋለ ሰው፣ ግንኙነቱ በየጥቂት ደቂቃው ሊቆረጥበት ይችላል፤ ያውም የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን።

ዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ አለው። ሆም እትም ግን ከሩቅ አያስገባም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ፕሮም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያስተናግዳል፤ ከቤት ሲገባ የቢሮው ስክሪን ይቆለፋል። እሱን ብላችሁ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር፣ 3389 ፖርትን፣ በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት እንዳትከፍቱ አደራ! ፓስወርድ የሚገምቱ ፕሮግራሞች ቀን ከሌሊት የሚያንኳኩት እሱን ነው።

በመጨረሻ ረስትዴስክን፣ ሰርቨሩን ራስህ መትከል የምትችለውን ነፃ የሪሞት ፕሮግራም፣ በራሳችን ሰርቨር ላይ ተከልኩ። 1 ጊጋባይት ራም ያለው የኪራይ ሊኑክስ ሰርቨር ይበቃል። በዶከር (ፕሮግራሞችን ከነሚያስፈልጋቸው ነገር አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ሁለት ፕሮግራሞች ይነሣሉ፦ ኤችቢቢኤስ ኮምፒውተሮቹን ያገናኛል፤ ቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ደግሞ ኤችቢቢአር መሃል ገብቶ ያስተላልፋል። በሞባይል ዳታ ለሚገባ ሰው ይህ ሁለተኛው በጣም ያስፈልጋል። የሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ ከ21115 እስከ 21117 ያሉት ፖርቶች በቲሲፒ፣ 21116 ደግሞ በዩዲፒም ይከፈታል (ቲሲፒና ዩዲፒ ዳታ የሚላክባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው)። ብዙ ሰው የሚረሳው ዩዲፒውን ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሰርቨሩ ላይ የሚመዘገቡት በእሱ ስለሆነ፣ ካልተከፈተ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ማሽኑ ከመስመር ውጪ ይላል። ሰርቨሩ የሚፈጥረውን ቁልፍ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከጠፋ ስድስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ ቁልፍ ማስገባት ነው።

የቢሮው ማሽን ላይ ረስትዴስክን ሳይጭኑ ማስኬድ አይበቃም፤ ዊንዶውስ የአድሚን ፈቃድ ሲጠይቅ ከሩቅ ሆኖ "የስ" ማለት አይቻልም። ጭኖ ቋሚ ፓስወርድ መስጠት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማድረግ፣ ባዮስ ውስጥም (ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ ማዘዝ አይቀርም። ይህ ካልተደረገ ዓርብ ማታ መብራት የጠፋበት ማሽን እስከ ሰኞ አይገኝም።

አማርኛ መጻፍም ችግር አለው። ቤትም ቢሮም የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይወጣል። የቤቱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አማርኛው ቢሮው ማሽን ላይ ብቻ ይብራ።

የሚከፈልበትን የሪሞት ፕሮግራም የምመክረው የደንበኞችን ኮምፒውተር ለሚጠግን ድርጅት ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደገባ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ የረስትዴስክ ነፃ ሰርቨር ይህን አይዝም፣ የሚከፈልበት ፕሮ ይዛል። ሲገዛ ክፍያው በባለሙያ ቁጥር ነው ወይስ በአንድ ጊዜ በሚከፈት ግንኙነት? ሦስት ባለሙያ ኖሮት አንድ ግንኙነት ብቻ የገዛ ድርጅት ሁለቱን ወረፋ ያስይዛቸዋል። ውሉ በራሱ የሚታደስ ከሆነም የማቋረጫ ማሳወቂያው ቀን ከመክፈል በፊት ይታይ፤ ክፍያው በዶላር ነውና።