አኦርታዬ ሰፍቶ ሲገኝ ግፊቴን እንዴት እንደያዝኩት

ለደም ግፊት ክትትል ብዬ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስነሣ፣ የአኦርታዬ፣ ማለትም ደምን ከልብ የሚያወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ወደ ላይ የሚሄደው ክፍል ስፋቱ 4.3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ከ4 በታች ነው። ዶክተሯ “ቀዶ ሕክምና አሁን አያስፈልግዎትም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ 5.5 ሲደርስ ነው። ግፊትዎን ግን ከ130 በ80 በታች ይያዙልኝ” አለችኝ።

ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ “ቱቦው ከሰፋ ግፊቱ ይቀላል እንጂ ምን ይሆናል?” አለ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አሰላሁት። ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ያ ደም በ3 ሴንቲ ሜትር አኦርታ ውስጥ በአማካይ በሰከንድ 12 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ4.3 ግን ወደ 6 ይወርዳል። የሚቀንሰው እንግዲህ ፍጥነቱ ነው። ግፊቱን የሚወስኑት ልብና ራቅ ብለው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሆኑ ባለበት ይቆያል። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ደግሞ ግፊቱ በቱቦው ግማሽ ስፋት ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ውፍረቱ እኩል ነው ብንል እንኳ የእኔው ከ3 ሴንቲ ሜትሩ 43 በመቶ ይበልጥ ይወጠራል። ስፋቱን መመለስ አልችልም፤ ግፊቴን ከ150 ወደ 125 ባወርድ ግን ከውጥረቱ 17 በመቶ ያህሉ ይቀንሳል። ኪኒኔን በሰዓቱ እንድውጥ ያደረገኝ ይህ ስሌት ነው።

የክንድ መለኪያ ገዛሁ። ጠዋት ኪኒን ሳልውጥ፣ ማታ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት፣ ጀርባዬን አስደግፌ 5 ደቂቃ እቀመጥና ክንዴን በልቤ ትክክል አድርጌ ሁለት ጊዜ እለካለሁ። ቡና ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ (በረካ ላይ ተቀምጦ የሚለካ ግፊት የቡናውን እንጂ የሰውየውን አይናገርም)። የታችኛውንም ቁጥር እመዘግባለሁ። በአሜሪካ በተደረገው የፍራሚንግሃም ጥናት ከአኦርታ ሥር (ከልብ ከሚነሣበት ክፍል) መስፋት ጋር አብሮ የታየው የታችኛው ግፊት ነበርና።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ጨው ነው። ወጡ ላይ ባልጨምር እንኳ በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶባቸዋል። አሁን ባለቤቴ የእኔን ድርሻ ያለጨው ታስፈጫለች። የጤፍ ጆንያ መሸከምም ተውኩ፤ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት ግፊትን ለቅጽበት እጅግ ያንረዋል። የእግር ጉዞ ግን አልተከለከልኩም።

በዓመቱ ሌላ ቦታ ኢኮ ስነሣ 4.5 ተባለ። ደነገጥኩ። ዶክተሯ የድሮውንና የአዲሱን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጣ በአንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዘዴ ስትለካቸው ሁለቱም 4.3 ሆኑ። 2 ሚሊ ሜትር በለኪው እጅና በተለካበት ቦታ ብቻ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የምስሉን ሲዲም እቀበላለሁ።

ፋርማሲ ስሄድ ስለአኦርታዬ አስቀድሜ እናገራለሁ። ለሆድም ለሽንት ቧንቧም ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበትን የመድኃኒት ቤተሰብ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አኦርታቸው ለሰፋ ሰዎች አማራጭ እስካለ ድረስ አይታዘዝ ብሏል።

በልብና በአኦርታ መካከል ያለው የእኔ ቫልቭ (የደም በር) እንደ ብዙው ሰው ባለሦስት ክፋይ ነው። ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ባለሁለት ክፋይ ሆኖ ይፈጠራል፤ በነዚያ ላይ ደሙ አቅጣጫውን ስቶ የግድግዳውን አንድ ጎን ይመታል፣ አኦርታውም ሊሰፋ ይችላል። ይህም፣ መስፋቱ ራሱም በቤተሰብ ሊሄድ ስለሚችል ወንድሜና እህቴ ኢኮ እንዲታዩ ነግሬያለሁ። ወንድሜ ታይቶ ደህና ነው ተባለ። እህቴ ከጾሙ በኋላ እያለች ነው፤ የትኛው ጾም እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።