ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶ ነበር

ይህን ለመመስከር ዛሬ ነገ እያልኩ ብዙ ቆየሁ። የድሬ ልጅ ስለየትኛው ሌሊት እንደማወራ ሳልጀምር ያውቃል። ለማያውቅ ግን፦ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ የሞላበት ሌሊት።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ወንዝ የሚሆነው ከላይ ከደጋው ሲዘንብ ነው። ያን ሌሊት የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። እኔን ድምፁ ቀሰቀሰኝ። ባቡር ግቢያችን የገባ መሰለኝ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውኃው ጉልበቴ ደረሰ። መብራት የለም። ታናሽ ወንድሜ በጨለማው ውስጥ "እትዬ፣ በሩ አልከፈት አለኝ!" ይላል። ጭቃው ከውጭ ይዞት ነው። ሁለታችን በትከሻችን ገፋነው። ተከፈተ፤ ባይከፈት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ውኃው ጠልፎ ወሰደን። እጁን ይዤዋለሁ። አጥብቄ ይዤዋለሁ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር፣ ግንድ ይሁን የቤት ማገር አላውቅም፣ መካከላችን ገባ። ጣቶቹ ከጣቶቼ ሲያመልጡ እስካሁን ይሰማኛል።

ሙስሊሟ ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር። ሻሻቸውን ፈትተው ወረወሩልኝና ከልጃቸው ጋር ጎትተው አወጡኝ። እሳቸው "ያ ረቢ!" ይላሉ፣ እኔ "እመቤቴ!" እላለሁ። እስኪነጋ አቅፈውኝ ቆዩ። እማማ፣ ምናልባት ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል። ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ጎርፉ ከ250 በላይ ሰው በላ። አስከሬናቸው ያልተገኘም አሉ። ወንድሜ ከነሱ አንዱ ነው።

እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። አልደብቅም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሼ ሳልሳለም እመለስ ነበር። "ባሕር ከፍለህ ሕዝብ ያሻገርክ አይደለህም? አንድ ልጅ መያዝ አቃተህ?" እለው ነበር።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፣ ወለድኩ። በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። እኔ ግን በተራራው በኩል ደመና ሲጠቁር ልብሴን ሳላወልቅ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣ ልጄን አዝዬ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ባለቤቴ "አቦ፣ ትንሽ እንኳን ጋደም በይ" ሲል አብሮኝ ይነቃል። ስንቱን ሌሊት አብሮኝ እንደቆየ ጌታ ያውቃል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እወጣለሁ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ "ልጄን ብቻ አትንካብኝ" እላለሁ። ስለት ይባላል እንጂ የኔው የፍርሃት ግብር ነበር።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ልጄ፣ ለኔ የነገርሽኝን ለራሱ ንገሪው። ዳዊትም ጮኾበታል" አሉኝ። ከዚያ ዕብራውያን 2፥15ን አነበቡልኝ፦ በሕይወታቸው ሁሉ ስለ ሞት ፍርሃት በባርነት የታሰሩትን ነጻ ሊያወጣ መጣ። አርነት ሲባል ከኃጢአት መፈታት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እኔ በየዝናቡ የምገዛለት ጌታ ሌላ ኖሯል።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ባለቤቴ ክፍለ ሀገር በሄደበት፣ ማታ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰውነቴ ራደ። ጫማዬን ፈለግሁ። ከዚያ የእናቴን ዳዊት አነሳሁና መዝሙር 68ን ገለጥሁ። "አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ።" ከዚያ ማለፍ አቃተኝ። አለቀስኩ። "ወንድሜን የት አደረስከው?" አልኩት። ስንት ዓመት ያፈንኩትን ሁሉ በጩኸት ነገርኩት። መልስ አልሰማሁም። ነገር ግን ሳላስበው የሦስቱ ወጣቶች ቃል አፌ ላይ መጣ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ "እርሱ ባያድነን" ግን አንሰግድም። ይህን የሚል ሰውን ናቡከደነፆር በምን ያስፈራራዋል? እሳቱ አለው፤ ግን የሚገዛበት የለውም። ክርስቶስ ሞትን በሞቱ ሽሯል እያልኩ ልጅነቴን ሙሉ የኖርኩት ለዚህ ነው ለካ። "ጌታዬ፣ ብታድነንም ባታድነንም ያንተ ነን። ወንድሜም ያንተ ነው" አልኩ። ይህን ስል ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም።

የቀሰቀሰችኝ ልጄ ናት። "እማዬ ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ! ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ምንም አልሰማሽም?"

ነጎድጓድ ሲሰማ ዛሬም እደነግጣለሁ። ለወንድሜም አለቅሳለሁ። ግን ተነስቼ አልቀመጥም። ሐሳቡ ሊመለስ ሲል "እንደ ገናም በባርነት ቀንበር አትያዙ" የሚለውን ደጋግሜ እላለሁ፤ ያልፋል። ቁልቢም እወጣለሁ፣ አሁን ግን ለምስጋና ብቻ። በየዝናቡ ቁጭ ብላችሁ የምታነጉ የድሬ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ታኅሣሥ ስማችሁን ይዤ እወጣለሁ። ላኩልኝ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።