በምትሮጥ አይጥ አንጎል ውስጥ፦ ከድኅረ ዶክትሬት (ፖስትዶክ) ምርምር ሥራዬ የተማርኩት

አይጧ 25 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ጭንቅላቷ ላይ የምንገጥምላት ማይክሮስኮፕ ደግሞ 2.6 ግራም ነው። ይህን ተሸክማ ትሮጣለች፣ ታሸታለች፣ ጥግ ለጥግ ትዞራለች። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ ቦታንና ትዝታን በሚይዘው የአንጎሏ ክፍል ውስጥ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ነርቭ ሴሎች ብልጭ ብልጭ ሲሉ አያለሁ። ወደዚህ መስክ ለመግባት የሚያስቡ የአገሬ ልጆች ሥራው እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ማወቅ የሚፈልጉት ቪዲዮውን ስለሚተነትነው የኮምፒውተር ኮድ ነው። እኔ ግን ቅድሚያ የምነግራቸው ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። የቪዲዮው ጥራት የሚወሰነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

መሠረቱ እንዲህ ነው። ነርቭ ሴል ሲነቃ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ጂካምፕ የሚባለው ሰው ሠራሽ ፕሮቲን ካልሲየሙን ሲይዝ አረንጓዴ ብርሃኑ ይደምቃል። አረንጓዴው ክፍል መጀመሪያ የተገኘው ከጄሊፊሽ ነው፤ የ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ፕሮቲን ማለት ነው። የጂካምፕን ጂን በሽታ በማያመጣ ቫይረስ ላይ ጭነን ወደ ሴሎቹ እናስገባለን። ማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ይልካል፣ የሚመለሰውን አረንጓዴ ይቀርጻል።

መንገዱን የከፈተው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ሽኒትዘር ላቦራቶሪ በ2011 የወጣው 1.9 ግራም መሣሪያ ነው። ቀጥሎ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ተመራማሪዎች ሚኒስኮፕ ያሉትን የራሳቸውን ንድፍ ለማንም በነፃ ለቀቁት። እኔም የምሠራው በዚህ ነው። ንድፉን አውርዶ፣ ክፍሎቹን አሠርቶ፣ ራስ መገጣጠም ይቻላል። ብዙ ገንዘብ የሌለው ላቦራቶሪ በዚህ ሳይንስ እኩል እንዲሳተፍ ያደረገው ይህ ልግስና ነው፤ ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ሳላነሳው አላልፍም።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ልመለስ። ሂፖካምፐስ አይጥ ላይ ከአንጎል ገጽ በታች ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይርቃል። ተራ ብርሃን እዚያ ድረስ ገብቶ ጥርት ያለ ምስል ይዞ አይመለስም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ጥቂት የኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ክፍል በቀጭን መርፌ ቀስ ብለን እንመጥጥና ትንሽ የመስታወት ሌንስ እናስቀምጣለን። እየመጠጡ ሳለ ቀዝቃዛ ጨዋማ ፈሳሽ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። ወደ ታች ሲወርዱ ነጫጭ ክሮች ይታያሉ። መጀመሪያ ባንድ አቅጣጫ ተኝተው፣ ከዚያ በታች ደግሞ አቅጣጫቸው ተቀይሮ። እዚያ ሲደርሱ እጅ ይቆማል። ከዚያ ካለፉ የሚፈልጓቸውን ሴሎች ራሳቸውን ጎዱ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ነው። ደሙ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ሌንስ አይገባም። ከሌንሱ ሥር የቀረች አንዲት የደም ጠብታ ምስሉን ታጨልመዋለች። ያስተማረችኝ ባልደረባዬ ከጎኔ ቆማ "አሁንም ጠብቅ" ትለኝ ነበር። ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ ሲጠራ ብቻ ሌንሱን ወደ ታች ታስወርደኝ ነበር፤ በጣም በዝግታ። ከዚያ በጥርስ ሐኪሞች ሲሚንቶ እናጣብቀዋለን። እኔም አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣ የማሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

ሳምንታት እንጠብቃለን። ቁስሉ ይድናል፣ ፕሮቲኑ ሴሎቹ ውስጥ ይበረክታል። ከዚያ ማይክሮስኮፑን ከላይ ይዘን የደም ሥሮቹ ጥርት ብለው የሚታዩበትን ቦታ እንፈልጋለን። ማይክሮስኮፑ የሚቀመጥበትን መሠረት በዚያው ቁመት እንለጥፋለን። የደም ሥሮቹን ምስል ያን ዕለት አስቀምጡ። በሌላ ቀን ወደዚያው ቦታ መመለሳችሁን የምታረጋግጡት በእሱ ነው።

ስለ አይጧ ደግሞ በደንብ ላውራ፤ ጽሑፎች ላይ በአንድ መስመር የሚታለፍ ጉዳይ ነውና። የፈራች አይጥ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ያኔ የምንቀርጸው ፍርሃትን እንጂ ያሰብነውን ነገር አይደለም። ጭራዋን ይዞ ማንጠልጠል ያስጨንቃታል። በመዳፍ ወይም በትንሽ ቱቦ ማንሳት ይሻላል። ከቀረጻው በፊት በየቀኑ እጄን ታሽታለች፣ ኬብሉን ትለምዳለች፣ በክብደት ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ቅርጽ ተሸክማ ትዞራለች። ፍጥነቷን ከማይክሮስኮፑ ጋርና ያለ ማይክሮስኮፑ አወዳድራለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማስታገሻ መስጠትና ክብደቷን መከታተል ግዴታ ነው። እኔ ግን ግዴታ ባይሆንም አደርገው ነበር። ይህቺ ፍጡር የምታበረክተው ነገር ትልቅ ነው፤ ልንጠነቀቅላት ይገባል።

የሰማያዊውን ብርሃን ኃይል ሴሎቹን ለማየት ከሚበቃው በላይ አላደርገውም። ብርሃን ሲበዛ ፕሮቲኑ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ የነገውን ቀረጻ ዛሬ መብላት ይሆናል። የአይጧን እንቅስቃሴ የሚቀርጸው ካሜራና ማይክሮስኮፑ ሰዓታቸው መገጣጠሙን፣ የጠፋ ፍሬም አለመኖሩን ቀረጻው እንዳለቀ ወዲያው አያለሁ። ለሌላ ቀን አላሳድረውም።

ኮዱን በሚመለከት ካይማንና ሚኒያን የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። የምስሉን መንቀጥቀጥ ያስተካክላሉ፣ ከትኩረት ውጪ ያለውን ጭጋግ ይቀንሳሉ፣ ሴሎቹን ለይተው ያወጣሉ። ጥሩ ናቸው። ግን ፕሮግራሙ "ሴል" ያለውን ሁሉ አልቀበልም። እያንዳንዱን በዓይኔ አያለሁ። ቅርጹ ክብ ነው ወይስ የደም ሥር ጠርዝ ነው? ምልክቱ ቶሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል ወይስ አይጧ ስትዘል ብቻ ነው የሚመጣው? አሰልቺ ነው። ሆኖም ይህን ያላደረገ ሰው ግራፉን እንዴት አምኖ ለሰው እንደሚያሳይ አይገባኝም። የካልሲየም ምልክት ከነርቭ ሴሉ ኤሌክትሪክ ምት የዘገየ መሆኑንም መርሳት አይገባም። የምናየው ምቱን ራሱን ሳይሆን የተወውን ዱካ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ያኒቭ ዚቭና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት የአይጦችን ሂፖካምፐስ ለሳምንታት ተከታትለዋል። አይጧ ያንኑ ቦታ በተለያየ ቀን ስትጎበኝ ቦታውን የሚወክሉት ሴሎች ስብስብ ይለያያል። በሁለት ቀናት መካከል የሚጋሩት ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚያ ግን የያዙትን ቦታ አይለቁም፣ ቦታውንም ለይቶ ለማወቅ ይበቃሉ። ሴሎቹ እየተቀያየሩ ትዝታው እንዴት ይጸናል? እኔን በዚህ ሥራ ያቆየኝ ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬ የጠፋው ሴል እውነት ዝም ብሎ ነው ወይስ ሌንሱ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነው የሚለውን መለየት ካልቻልን ግን ጥያቄውን መጠየቅም አንችልም። ስለዚህ የቀናቱን ሴሎች ከማዛመዴ በፊት ያንን የደም ሥሮች ምስል እከፍታለሁ፣ ከዕለቱ ጋር አስተያያለሁ። ካልገጠመ ያን ቀን ከትንተናው አወጣዋለሁ።