ባጃጅ ውስጥ የወደቅኩት ፈተና

ባለፈው ዓመት ከመናኸሪያ ወደ ቤት በባጃጅ እየሄድኩ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ ሁለት ሦስቴ አየኝና «ቲቸር፣ አላወቅሽኝም እንዴ?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ መጣልኝ። ከአራት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ካቴኪዝም (የኛ የሉተራኖች የእምነት መማሪያ፣ በጥያቄና መልስ) ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ነው። ያኔ ድምፁ ገና እየጎረነነ ነበር፣ አሁን ጢም አውጥቷል። ለቀልድ ያህል «እስቲ አንደኛውን ትእዛዝ ከነትርጉሙ በልልኝ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና «ኧረ ቲቸር፣ ፈተናው እኮ አለቀ!» አለ። ሂሳቡንም አልቀበልም ብሎ በግድ ነው የሰጠሁት።

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ፈተናውን ደፍኖ ነው ያለፈው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን ሲወስድ እናቱ ስታለቅስ አይቻለሁ። የአንደኛው ትእዛዝ ትርጉም ደግሞ አንዲት መስመር ናት፤ እግዚአብሔርን ከሁሉ በላይ ልንፈራው፣ ልንወደውና ልንታመንበት ይገባል። አለቀ። ይቺ እንዴት ትጠፋለች?

የጠፋችው እኔ ለፈተና ስላስተማርኳት ነው። በሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ አርባ ልጅ ይዤ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ። ይሸመድዳሉ፣ ይፈተናሉ፣ ያልፋሉ። ደብተሩ አልጋ ሥር ይገባል። ማታ እራት ላይ የዘጠኝ ዓመቷን ልጄን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ገና አልተማርንም፤ እሱ ለትልልቆቹ ነው» አለች። የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርኩት ሴትዮ የራሴ ልጅ ተራዋ እስኪደርስ እየጠበቀች ነው ማለት ነው።

ማታውኑ የማስተምርበትን መጽሐፍ፣ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም አወጣሁ። ስንት ጊዜ ያገላበጥኩት መጽሐፍ ነው፤ ግን በየክፍሉ አናት ላይ ያለችውን ርዕስ ልብ ብዬ አላየኋትም ነበር። አባወራ ለቤተሰቡ በቀላሉ እንዴት እንደሚያስተምረው ይላል። አባወራ! ቄስ አይልም፣ ወንጌላዊ አይልም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪም አይልም። (የኛ ቤት አባወራ በዚያ ሰዓት ኳስ እያየ ስለነበር ሥራው ለእማወራዋ ተላለፈ።)

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1528 በጀርመን፣ በሳክሶኒ አብያተ ክርስቲያናትን ሲጎበኝ ያየው ነገር አስደነገጠው። በተለይ በገጠር ሕዝቡ ስለ እምነቱ ምንም አያውቅም፤ ብዙዎቹ አገልጋዮችም ለማስተማር የሚበቁ አልነበሩም። በዓመቱ በ1529 ትንሹንና ትልቁን ካቴኪዝም አወጣ። ትንሹ መጀመሪያ የወጣው ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ትልልቅ ወረቀት ነው፤ መጽሐፍ የሆነው ኋላ ነው። ሰውየው ያኔ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ነበረው፣ ስለዚህ ልጅ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ ያውቃል።

እኔ ግን የማውቅ አልመሰለኝም። የመጀመሪያው ሳምንት ውድቀት ነበር። ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ልጆቹን ሶፋ ላይ ደረደርኩና ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጀመርኩ። መግቢያ፣ ዳራ፣ ጥቅስ። የአምስት ዓመቱ ልጄ በአራተኛው ደቂቃ ሶፋው ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቋል። ሴቷ «እማ፣ ስብከት ነው?» አለች። ሦስተኛው ቀን ላይ መብራት ጠፋ፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እፎይ አልን።

ከዚያ ያ የግድግዳ ወረቀት ትዝ አለኝ። አሥሩን ትእዛዛት በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፣ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግኩ፣ ከፍሪጁ በላይ ለጠፍኩት። ትምህርት የሚባል ነገር ቀረ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንዲት ትእዛዝ ሁላችንም አብረን እንላለን፤ አንዱ «ይህ ምን ማለት ነው?» ይላል፤ መልሱን ደግሞ አብረን። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አንዷን ትእዛዝ ሁለት ሳምንት እንቆይባታለን። ቃሉ አይቀያየርም፤ ሉተርም በመግቢያው አንድ ቃል ያዙ፣ ዓመት በዓመት አንዲት ፊደል አትለውጡ፣ መጀመሪያ ንባቡን አስይዙ፣ ትርጉሙን ቀጥሎ ይላል። ለኛ አገር ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪም ንባብ ሳይዝ ትርጓሜ አይገባም።

በዚያው መግቢያ መማር እምቢ ላሉት ወላጆችና አሠሪዎች ምግብና መጠጥ ይከልክሉ የምትል ነገር አለች። እሷን ለባለቤቴ አላነበብኩለትም።

አራተኛው ላይ ስንደርስ ጠብ መጣ። ልጄ ትምህርት ቤት «አራተኛው ትእዛዝ አባትና እናትህን አክብር ነው» ብላ ሌላ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከምትሄድ ጓደኛዋ ጋር ተጨቃጨቀች። ለጓደኛዋ አምስተኛው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ትእዛዛቱ አንድ ናቸው፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለየው። እነሱ ስለ ተቀረጸ ምስል የሚለውን ለብቻው ሁለተኛ ብለው ይቆጥሩታል፤ ሉተራኖች ከአንደኛው ጋር አድርገን መመኘትን ዘጠነኛና አሥረኛ ብለን እንከፍለዋለን። ይሄን በረንዳ ላይ ሳስረዳ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ሰምታ «የኛም አራተኛ ነው!» ብላ ከልጄ ጎን ቆመች። ልጄ በደስታ ዘለለች። አሥረኛው ላይ ግን ጎረቤታችን «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ስትል እንደገና ተለያየን። ቡና ተፈልቶ ነው የታረቅነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ባስተምር ልጄ ይሄን ያህል አትይዝም ነበር።

ቡና ካነሳን አይቀር፣ ስምንተኛው ትእዛዝ ቡና ላይ መጠበቅ ከባድ ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለውን እኔ ሁልጊዜ የፍርድ ቤት ጉዳይ አድርጌ ነበር የማስበው። ሉተር ግን ወደ ሰፈር ያወርደዋል፤ ባልንጀራህን አትዋሽበት፣ አሳልፈህ አትስጠው፣ አትማው፣ ስሙን አታጥፋ፤ ይልቁንም ቁምለት፣ ስለ እሱ መልካም ተናገር፣ ነገሩን ሁሉ በበጎ ተርጉምለት። በበጎ ተርጉምለት የምትለዋ ናት የገደለችን። አሁን ቤታችን ውስጥ ሰው ማማት ሲጀመር አንዱ «ስምንት» ይላል። በቃ፣ ቁጥሩን ብቻ። እንግዶች ምን እንደሆነ አይገባቸውም። አንድ ቀን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ስለ አለቃቸው ሲያወራ ትንሹ ልጄ ከወለል ላይ ሆኖ «ስምንት!» አለ። ሰውየው ሰዓት የነገረው መስሎት ሰዓቱን አየ።

አማቴ እኛ ጋ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከይርጋለም አካባቢ ናቸው፣ ለዓይናቸው ሕክምና ሐዋሳ ሁለት ወር ቆዩ። ፊደል አልቆጠሩም። የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ እኛ የሃይማኖት መግለጫውን ሁለተኛ ክፍል ስንጀምር እሳቸው ቀድመውን ሄዱ። በአማርኛ፣ ከነትርጉሙ፣ ሳይደናቀፉ። ባለቤቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እናቱ ይሄን እንደሚችሉ ዕድሜውን ሙሉ አልሰማም።

በልጅነታቸው ነው የተማሩት፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ደቡብ ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ፣ ጃንሆይ እያሉ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ያዝዝ ስለነበር የተማሩት በአማርኛ ነው። ችግሩ፣ ያኔ አማርኛ አይችሉም። «ምን እንደምል አላውቅም ነበር» አሉኝ። «መጀመሪያ አፌ ያዘው። ልቤ የያዘው ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ወንድሜ በኛ ቋንቋ ሲነግረኝ።» በደርግ ጊዜ በአካባቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ መጽሐፍ መያዝ ያስፈራ ነበር። እሳቸው ግን የሚያስይዝ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ቡና ሲለቅሙ በአፋቸው ይሉታል፣ አጠገባቸው ያለው ሕፃን ይሰማል።

ይሄን ከሰማሁ ወዲህ ሁለት ሐሳብ ይጣላብኛል። ልጅን በማይገባው ቋንቋ ማስሸምደድ ልክ አይደለም፤ ዛሬ ማኅበረ ምዕመናናችን በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ማምለኩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን «ልጆች ሳይገባቸው ምንም አይያዙ» የሚለውን የዘመኑን ወሬም እንደ ድሮው አላምነውም። እኔ የማስረዳት ችሎታ ነበረኝ፣ ባጃጅ ነጂው ረሳው። እሳቸው ምንም አልተረዱም ነበር፣ ስድሳ ዓመት ያዙት።

የጌታ ጸሎት ላይ ከሳቸው ጋር ደረስን። «የዕለት እንጀራችንን» ስንል ልጄ «እማማ እንጀራ አትወድም፣ ዋሳ ነው የምትወደው፣ የእንሰት ቂጣ፤ እሷ ምን ብላ ትጸልይ?» አለች። አማቴ ሳቁ። ሉተር ለዚህች ቃል የሰጠው ዝርዝር ረጅም ነው፦ ምግብ፣ መጠጥ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ቤት፣ እርሻ፣ ከብት፣ ገንዘብ፣ መልካም ትዳር፣ መልካም መንግሥት፣ መልካም የአየር ጠባይ፣ ሰላም፣ ጤና፣ ታማኝ ጎረቤት። ጫማ እንኳ አልረሳም። እኛም ጨመርንበት። ልጄ ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ ትንሹ ብስክሌት፣ አባወራው የቤት ኪራይ፣ አማቴ ዋሳና የቡና አበባ የሚያወጣ ዝናብ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዝምታ ትንሽ ረዘም አለ፤ ሰላም የምትለዋን ሁላችንም ስለሰማናት ይመስለኛል።

የማታው ጸሎት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። መጽሐፉ «በቅዱስ መስቀል አማትብ» ይላል። የኛ ምዕመናን አያማትቡም፣ የሚያማትቡት ኦርቶዶክሶች ናቸው ብለን ነው ያደግነው። ልጄ «ሉተር ኦርቶዶክስ ነበር?» አለች። አልነበረም አልኩ፤ ጎረቤታችን ግን በረንዳ ላይ አለመኖሯን ቀና ብዬ አረጋገጥኩ። ከጸሎቱ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ «ወዲያው ደስ ብሎህ ተኛ» ነው፣ በጣም የምወደው ቦታ ነው፣ ልጆቹ ግን እስካሁን አልታዘዙትም።

ቅዳሜውንም ለወጥኩት። ገልብጦ መጻፍ ቀረ። ልጆቹ ቤት ለሚኖር አንድ ትልቅ ሰው በቃል ይላሉ፣ ያ ሰው ደብተሩ ላይ ይፈርማል፣ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ የምንሠራው የመጡትን ጥያቄዎች ብቻ ነው። ወላጆች ወዲያው አጉረመረሙ። «እኛ ሥራ አለን፣ እናንተ ለምን አላችሁ ታዲያ?» ያለኝ አባት አለ። አንዲት እናት «ካቴኪዝም ደረቅ ነው፣ ልጆቻችን መንፈስ ነው የሚያስፈልጋቸው፣ ጸሎትና መዝሙር አድርጉላቸው» አለችኝ። አልተከራከርኩም። ሉተር ራሱ ዶክተርና ሰባኪ ከሆነ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን ቃል በቃል እንደሚለው ጽፏል፤ ይሄን ልነግራት ፈልጌ ሻይ ቀረበና ቀረ።

ፊርማዎቹን ማየት ያስቃል። የታላቅ እህት አለ፣ የአያት አውራ ጣት አለ፣ ልጁ ራሱ የፈረመው በግልጽ የሚታወቅ አለ። የአንዱ ልጅ ደብተር ላይ ግን በየሳምንቱ አንድ ዓይነት፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ ስም አለ። እናትህ ናት? ስለው «አይ፣ ሠራተኛችን ናት» አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ወላጆቹ ገፍተው ለሠራተኛ ሰጡት ብዬ። (ስምንት።) በኋላ አሰብኩት። በሉተር ዘመን ቤተሰብ ሲባል ሠራተኛውም ውስጥ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁን ልታደርስ ስትመጣ እዚያው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማታ ማታ ትማራለች፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። ልጁ ሲደናቀፍ በከንፈሯ ትነግረዋለች፤ ስለ ጥምቀት እስከሚያስተምረው ክፍል ድረስ ሁሉን ይዛዋለች። ክፍሉ ሲያልቅ መጣችና በዝግታ «ቲቸር፣ አራተኛው ትእዛዝ ስለ መታዘዝ ነው። ስለ አሠሪዎችስ ምንም አይልም?» አለችኝ።

መጽሐፉን ከመጨረሻው ገለጥኩላት። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ኑሮው የተሰበሰቡ ጥቅሶች አሉ፤ ለባሎች፣ ለሚስቶች፣ ለልጆች፣ ለአገልጋዮች። ከዚያ ለጌቶች፣ ኤፌሶን 6፥9። እኔ በፈተና አስገብቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ጊዜ ያልቃል። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው፤ ዛቻውን ትታችሁ የሚለው ጋ ቆመች፤ ከዚያ በእነሱም በእናንተም ላይ ጌታ በሰማይ አለ፣ ለሰው ፊት አያዳላም የሚለውን ጨረሰች።

«ይቺን ገጽ ብቻ ኮፒ ማድረግ ይቻላል?» አለች።

ሁለት አስደረግኩ። አንዱን ለሷ። ሌላውን፣ ላሚኔት እንድታስደርገው ነገርኳት፤ ከአሠሪዎቿ ፍሪጅ በላይ ትለጥፈው አትለጥፈው ገና አልሰማሁም።