የተባረሩት ሐውልት አጠገብ

አትላንታ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ ቢሮ አጸዳ ነበር፣ አሁን ኡበር እነዳለሁ። አንድ ቀን የጆርጂያ ምክር ቤት አጠገብ የምጠብቀው ተሳፋሪ ሰረዘብኝ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ግቢው ገባሁ። እዚያ አንድ ሐውልት አለ። «በቀለማቸው ምክንያት ተባረሩ» ይላል። እነማን ናቸው? ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን አጥቼ ሳነብ አመሸሁ።

በፈረንጆች 1868 ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ። ጆርጂያ ውስጥ 33 ጥቁሮች ለምክር ቤት ተመረጡ። ወሩ መስከረም ሲገባ ነጮቹ ተሰብስበው አባረሯቸው። ምክንያታቸው «ሕጉ ጥቁሮች ይምረጡ አለ እንጂ ይመረጡ አላለም» የሚል ነበር። አራቱ ግን ቆዳቸው በጣም ፈካ ስላለ ጥቁርነታቸውን ማረጋገጥ አልተቻለም ተብሎ ቀሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይፈጥረዋል!

ከተባረሩት አንዱ የጆርጂያዋ ሜከን ከተማ ተመራጭ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ነው። በ1834 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ተወለደ፤ ባሪያ አልነበረም። በልጅነቱ የጠበቆች ቢሮ ሲያጸዳ ማንበብና ማስላት ያስተማሩት እዚያ የሚሠሩት ጠበቆች ናቸው። እዚህ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩት። እኔ በማጸዳው ቢሮ እንኳን ሊያስተምረኝ፣ ስሜን የጠየቀኝም አልነበረም።

ተርነር በጦርነቱ ጊዜ የጥቁር ወታደሮች ቄስ ሆኖ አገልግሏል። ሊያባርሩት ሲሉ ተነስቶ ተናገረ። «ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሰው ከሆንኩ የሰው መብቴን እጠይቃለሁ» አለ። መብቴን ጎንበስ ብዬ አልለምንም ብሎም ጨመረ። በ1870 ዋሽንግተን ጣልቃ ገብታ ወደ ወንበራቸው መለሰቻቸው። እሱ ግን አሜሪካ ለጥቁር ሰው አትሆንም ወደሚል ሐሳብ እያዘነበለ ሄደ። ጳጳስ ከሆነ በኋላ «ወደ አፍሪካ እንሂድ» እያለ ይሰብክ ነበር። እኔ ደግሞ ዲቪ ደረሰኝ ብዬ ዘመድ አዝማድ አስጨፍሬ የመጣሁት ወደ እሱ አገር ነው።

በጣም የነካኝ ግን ሌላ ነው። በ1898 ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ ከነጭ ሚሲዮን የተገነጠሉ ጥቁሮች ያቋቋሟት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ስሟ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን»። ስሙን ያገኙት «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ የምትለው ቃል እኮ ነው! ተርነር ቄሶቻቸውን ባርኮ ሾመላቸው።

የሞተው በ1915 ካናዳ ነው፤ የተቀበረው ግን እዚሁ አትላንታ፣ ሳውዝ ቪው መቃብር። ባለፈው ቅዳሜ ልሄድ ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ። አፑን ማጥፋት ረስቼ ነበርና ስልኬ ጮኸ። ረጅም ጉዞ፣ ደህና ገንዘብ። መድረሻው ሜከን።

ተቀበልኩት።