«ግሩም» ለማለት ስድስት ዓመት

ዘንድሮ የፋሲካ ሌሊት አንዲት የግሪክኛ ቃል በቦታዋ ተናገርኩ። አንዲት ቃል ብቻ። ግን ስድስት ዓመት ስለፈጀችብኝ ደስታዬ እስካሁን አልወጣልኝም። እዚህ አቴንስ እየሠራችሁ፣ ማታ ማታ ደብተር ይዛችሁ ከግሪክኛ ጋር የምትታገሉ እህት ወንድሞች፣ ይኼን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም። ሀሁን ለቆጠረ ሰው ሃያ አራት ፊደል ምንም አይደለም፤ በሁለት ሳምንት አለቀ። የገበያውና የአውቶቡሱ ቋንቋ ከሥራ ጋር ራሱ ይመጣል። ባንክ «ትራፔዛ» መባሉን ስሰማ የእኛ ጠረጴዛ ከየት እንደመጣ ገባኝና አንድ ቀን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። በሦስተኛው ዓመት ተሰሎንቄ ያለው የግሪክ ቋንቋ ማዕከል የሚያዘጋጀውን የቢ 1 (የመካከለኛ ደረጃ) ፈተና አለፍኩ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምናልፍበት መንገድ ነው።

እኔን ያንገላታኝ ሌላ ነው። አንድ ነገር ከተለመደው በላይ ሲሆን፣ ሲያስደንቀኝ፣ «ይኼማ ልዩ ነው» ማለት አቃተኝ። «ጥሩ ነው» እና «በጣም ጥሩ ነው» ላይ ቆምኩ። ሰው አፉን ከፍቶ ማድነቅ ካልቻለ ደግሞ እንግድነቱ አያልቅም።

የምሠራው ኪፕሴሊ ሰፈር አንዲት አዛውንት ቤት ነው። «ኪሪያ» ነው የምላቸው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። የእኛና የግሪኮች ፋሲካ አንድ ቀን ስለሚውል የመጀመሪያውን ዓመት ጾሙን አብረን ጾመን አብረን ፈታን። ከሌሊቱ ቅዳሴ ስንመለስ ማዪሪትሳ አቀረቡልኝ። የበግ ሆድ ዕቃ ከሰላጣ ቅጠልና ከእንስላል ጋር ተከትፎ የሚቀቀል ሾርባ ነው፤ በእንቁላልና በሎሚ ይወፍራል። የዱለት ዘመድ በሉት። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ያለ ነገር አልቀመስኩም ነበር። እንባዬ ሁሉ መጣ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። «ጥሩ ነው» ብል ሐቁን አልነገርኳቸውም። ስልኬን አወጣሁና እንግሊዝኛውን ኤክስትራኦርዲነሪ ብዬ ፈለግኩ። ከመጡልኝ ቃላት አንዱን ይዤ «አሲኒሲስቶ!» አልኩ። ኪሪያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከእኔ ሳህን ትንሽ ቀመሱ። ሎሚ ጨመሩልኝ። ከዚያ «ግድ የለም ልጄ፣ አልለመድሽውም፤ ተይው» ብለው ሳህኑን አነሱት። አሲኒሲስቶ ማለት «ያልተለመደ» ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ምግብን እንዲህ ካልክ «ወጣ ያለ ጣዕም አለው» እንደማለት ነው። ልጃቸው በማግስቱ እስክታስረዳኝ ድረስ የበደልኩት ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ሾርባውንም ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥፋቱ በእንግሊዝኛ በኩል መዞሬ ነው።

ከዚያ ደግሞ ኤክታክቶስ መጣ። ይኼን ቃል ሳላነሳ ባልፍ ስድስቱን ዓመት አልነገርኳችሁም ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው። «ኤክታክቶ ፕሮሶፒኮ» ይላል፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ማለት ነው። ደብተሬ ላይ «ኤክታክቶስ፦ ጊዜያዊ» ብዬ ጻፍኩ። ክረምታቸው ሲገባ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤታቸው «ኤክታክቶ ዴልቲዮ» አወጣ፤ ዝናብና ነፋስ ስለሚመጣ ተጠንቀቁ የሚል አስቸኳይ መግለጫ ነው። ጊዜያዊውን ሰረዝኩና «አስቸኳይ» አልኩ። 112 የድንገተኛ አደጋ ቁጥር መሆኑን ስማር እዚያም ላይ «ኤክታክቲ አናንጊ» የሚል አለ። የፎቃችን አሳንሰር ውስጥም ነዋሪዎችን ለኤክታክቲ ስብሰባ የሚጠራ ወረቀት ተለጠፈ። አሁንም አስቸኳይ። በቃ ያዝኩት አልኩ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ኪሪያ ሳሎን ስልክ ያወራሉ። ድንገት «ኤክታክታ! ኤክታክታ!» ብለው ጮኹ። ቢላዋዬን ጥዬ ሮጥኩ። ወይ ወድቀዋል፣ ወይ የሞት መርዶ ነው ብዬ። ኪሪያ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ይስቃሉ። የልጅ ልጃቸው ፈተና አልፎ ኖሯል። «እሰይ! ድንቅ ነው!» ማለታቸው ነበር። መደንገጤን ሲያዩ ስልኩን ዘግተው እጄን ያዙኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። እዚህ ላይ አንድ መሣሪያ አጥብቄ ልምከራችሁ። የተሰሎንቄ አርስቶትል ዩኒቨርሲቲ በ1998 ያሳተመው የትሪያንዳፊሊዲስ መዝገበ ቃላት አለ። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ፍቺው በግሪክኛ ስለሆነ መጀመሪያ ያስፈራል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። ኤክታክቶስ ሁለት ቁራጭ ነው። «ኤክ» ከአንድ ነገር ውስጥ መውጣት ነው። ሌላው ቁራጭ ማሰለፍ፣ ማደራጀት ከሚል ግስ የመጣ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍል የሚባልበት «ታክሲ» የሚለው ቃልም ከዚያው ነው። ስለዚህ ኤክታክቶስ ማለት ከሰልፍ የወጣ ነው።

ይኼን ሳይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ጊዜያዊ ሠራተኛው ከመደበኛው መዝገብ ውጭ ነው። ስብሰባው ከመደበኛው ቀን ውጭ ነው። አደጋው ከዕለት ኑሮ ውጭ ነው። የልጅ ልጁ ውጤት ደግሞ ከሌሎቹ ተርታ ወጥቷል። ለእኛ ጊዜያዊ፣ አስቸኳይ፣ ድንገተኛ፣ ድንቅ የሆኑት አራቱ ነገሮች ለግሪኩ አንድ ነገር ናቸው። ሰልፉን ለቀው ወጥተዋል።

እንግሊዝኛው ኤክስትራኦርዲነሪም ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ያው ነው፤ ኤክስትራ ውጭ፣ ኦርዶ ረድፍ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ልክ የተሰፉ ልብሶች ናቸው። እንግሊዞችም ከመደበኛው ውጭ የሚጠራ ስብሰባን ኤክስትራኦርዲነሪ ይሉታል። የአምባሳደር ሙሉ ማዕረግ ውስጥም በሁለቱም ቋንቋ ይኸው ቃል አለ፤ እኛ እዚያ ጋ «ልዩ» እንላለን። የአፈጣጠራቸው አንድ መሆን ግን ያሳስታል። የእንግሊዝኛው ቃል ዛሬ በአብዛኛው ለአድናቆት ነው የሚውለው፤ ግሪክኛው አሁንም አራቱንም ሥራ ይሠራል። አድናቆቱን ደግሞ ከወጣቶቹ ይልቅ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ነው የምሰማው።

ስለዚህ አሁን አቋሜ ጠንካራ ነው። ቃልን ብቻውን አትያዙ። ከጎረቤቱ ጋር ያዙት። በአንድ በኩል ግሪክኛ፣ በሌላ በኩል ትርጉም ያለው ካርድ ሦስት መቶ ሠርቼ ነበር። ሁሉንም ጣልኳቸው። ለኤክታክቶስ አሁን አንድ ሙሉ ገጽ አለኝ፤ በገጹ ላይ ሠራተኛ፣ የአየር ጠባይ፣ ስብሰባ፣ የኪሪያ ስልክ ተጽፈዋል።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ለረጅም ጊዜ ግሪክኛውን በእኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። ለፍጥነት ይመቻል። ግን «ኤክታክቶስ» ብላችሁ ጻፉትና ተመልከቱት። መጀመሪያውን «ኤ»ን ብትጫኑት ቅጽል ነው። መካከለኛውን «ታ»ን ብትጫኑት «ከመደበኛው ውጭ በሆነ መንገድ» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። በእኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ናቸው። ግሪኮች ድሮ በየቃሉ ላይ የነበሩትን ብዙ ምልክቶች በ1982 ቀንሰው አንዲት ጭረት አስቀርተዋል። ያቺ ጭረት የት እንደሚጫን ትነግራለች። እኔ እሷን ንቄ ስጽፍ ኖሬ ስናገር ሰው አይሰማኝም ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የተጫንኩት ግን ሌላ ቦታ ነው። ጆሯቸው ጭራሽ አይቀበለውም። እዚህ በፊደላችን የምጽፈው ለሁላችሁም እንዲነበብ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ግን በነሱ ፊደል፣ ከነጭረቱ ጻፉ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልምጣ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ዳዊት ስደግም መዝሙር 46 ላይ ደረስኩ። እግዚአብሔር ልዑል ግሩምም ነው ይላል። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ዕለት ግን የኪሪያን የግሪክኛ መዝሙር ከጎኔ ከፍቼ ነበር። በ«ግሩም» ቦታ «ፎቬሮስ» ይላል። ደነገጥኩ። ፎቬሮስ የሚያስፈራ ማለት ነው፤ ፎቮስ ፍርሃት ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ። በግዕዝም ግሩም መጀመሪያ የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነው። ዳዊት ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ነውና የአክሱም ዘመን ተርጓሚ ይኼኑ ቃል አይቶ ነው ግሩም ያለው። እኔ ስድስት ዓመት የፈለግኩትን እሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞኝ አግኝቶታል።

የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ መሄዳቸው ነው። ዛሬ ግሩም ስንል ማንም አይፈራም፤ ጥሩ ቡና እንኳ ግሩም ነው። የአቴንስ ወጣት ጥሩ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ጎል ሲገባ «ፎቬሮ!» ይላል። «ትሮሜሮ»ም እንዲሁ ነው፤ ከድንጋጤ ተነስቶ አድናቆት ሆኗል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቴሪብልና ቴሪፊክ ከአንድ የላቲን ሥር፣ ማስፈራት ከሚል፣ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ክፉ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው አድናቆት ሆነ። ኦውፉልና ኦውሰምም እንደዚያው ተለያዩ። ለዚህ ነው እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ሲሆን የሚጥለን። ከአማርኛ በቀጥታ ብንሻገር ብዙ ቦታ መንገዱ አጭር ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ። ወንጌል ላይ ምልክትና ድንቅ የሚለው በግሪክኛው «ሲሚያ ኬ ቴራታ» ነው። የዛሬ ግሪክ ይህንኑ ሐረግ የሚያወጣው ነውር ሲሰማ ነው። «ሲሚያ ኬ ቴራታ ይኾናል» ካለህ «የማይሰማ ጉድ የለም» እያለህ ነው። ቴራስ ብቻውን ደግሞ ዛሬ ጭራቅ ነው። የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያው ቴራባይት ላይ ያለው ቴራም እሱ ነው። የእኛን ጉድ ተመልከቱ፤ «ጉድ ፈላ!» መዓት ነው፣ «ለጉድ ያምራል» ደግሞ ውዳሴ።

እንግዲህ የምመክረውን ሁሉ እኔ አደርጋለሁ ማለት አይደለም። ፋርማሲ ስገባ አሁንም እንግሊዝኛ ይቀድመኛል፤ በመድኃኒት መሳሳት አልፈልግም። የሰዋስው መጽሐፌን ከግማሽ በኋላ አልገለጥኩትም፤ ቢ 2 ለመፈተን ካሰብኩ ግን መመለሴ አይቀርም። መጻፍ ላይ ደካማ ነኝ። ደብተሬንም በየቀኑ አልጽፍም፤ ሲደክመኝ ሳምንት ያልፋል። ሬዲዮ መስማት ግን ሳላቋርጥ አደርጋለሁ፤ ሽንኩርት እየላጥኩም ቢሆን።

ዘንድሮ ከቅዳሴ ስንመለስ ማዪሪትሳው ቀረበ። ኪሪያ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የከተፍኩት፤ ቅመሙና ሎሚው ግን የሳቸው ነው። ቀመስኩ። ማዪሪትሳ በግሪክኛ ሴት ስለሆነች «ፎቬሪ» አልኩ፤ መጨረሻውን ተጭኜ። ኪሪያ ምንም አላሉም። ጭልፋውን አንስተው ሳይጠይቁኝ ደገሙልኝ።